የሰፈራችሁን ተራራ ከሳተላይት ከማየታችሁ በፊት አንዴ ኔቫዳ ደርሳችሁ ኑ

ወር በገባ ቁጥር ከሆነ ሰው ስክሪንሾት ይደርሰኛል። ከጉግል ኧርዝ ላይ የተነሳ ተራራ ነው። አንዱ ጎኑ ቀላ ብሏል፣ ላኪው ቀዩን ቦታ በጣቱ ከቦታል፣ ከሥሩ ደግሞ አንድ መስመር ጥያቄ አለች። "ወንድሜ፣ ይሄ ወርቅ ነው?"

አይደለም። ቢሆንም እንኳ በዚህ መንገድ አይታይም። ደህና የሚባል የወርቅ ድንጋይ በአንድ ቶን ውስጥ የሚይዘው ጥቂት ግራም ነው። በነፃ የምናገኘው ጥሩ የሳተላይት ምስል ደግሞ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነን መሬት አንድ ነጥብ አድርጎ ነው የሚያሳየን። አንድ ሙሉ ግቢ ማለት ነው። ግቢው ውስጥ የወደቀች የወርቅ ብናኝ ትታይ እንደሆነ እናንተው ፍረዱ።

ጥያቄው ግን የሞኝ ጥያቄ አይደለም። ከመሬት ውስጥ ትኩስ ውሃ በአለት ስንጥቅ ሽቅብ ሲወጣ ድንጋዩን ያበስለዋል። ጠንካራውን ወደ ነጭ ሸክላ ይለውጠዋል፣ ብረት የያዘው ክፍል ደግሞ በኋላ ዝናብና አየር ሲያገኘው ይዝጋል። ወርቅም መዳብም ብዙ ጊዜ የሚመጡት በዚሁ ውሃ ተሸክመው ነው። ሳተላይቱ ወጡን አያይም፤ ጉልቻውንና አመዱን ነው የሚያየው። እዚህ ቦታ አንድ ነገር ተጥዶ ነበር ይላችኋል፣ ድስቱ ውስጥ ምን እንደነበረ ግን አይነግራችሁም።

አመዱን ማየት እንዴት እንደሚቻል ላሳያችሁ። ላፕቶፕና ኢንተርኔት ይበቃል፣ ክፍያ የለውም። አንድ ነገር ብቻ ለምነን ብትሉኝ የምለምናችሁ፣ በሰፈራችሁ ተራራ አትጀምሩ። መልሱ አስቀድሞ በሚታወቅበት ቦታ ጀምሩ፤ አለበለዚያ ትክክል ሁኑ ተሳሳቱ የምታውቁበት መንገድ የለም።

መጀመሪያ መሣሪያው። ጉግል ላይ "ኮፐርኒከስ ብራውዘር" ብላችሁ ፈልጉ። የአውሮፓ ኅብረት የሳተላይት ፕሮግራም ድረ ገጽ ነው። ለማየት ብቻ ከሆነ መመዝገብ አያስፈልግም፣ ምስል ለማውረድ ሲሆን ነፃ አካውንት ትከፍታላችሁ። ስልክ ላይም ይከፈታል፣ ግን ያማርራል፤ ላፕቶፕ ካለ በላፕቶፕ። ከሳተላይቶቹ ዝርዝር ሴንቲነል-2ን ምረጡ። እዚያ ውስጥ ሁለት ደረጃ ታያላችሁ፣ ኤል1ሲ እና ኤል2ኤ። ኤል2ኤን ያዙ፤ የአየሩ ጭጋግ በስሌት የተቀነሰለት እሱ ነው። የደመና መጠን መቆጣጠሪያውን ወደ 10 በመቶ አውርዱት።

ሴንቲነል-2 አንድ ሳተላይት ሳይሆን ቤተሰብ ነው። የመጀመሪያው በ2015 ወደ ሰማይ ወጣ፣ ሁለተኛው በ2017፣ ሦስተኛው በ2024 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። ሁለት ሆነው ሲሠሩ በየ5 ቀኑ ተመልሰው በአንድ ቦታ ላይ ያልፋሉ። ለእኛ ዋናው ነገር ግን ብርሃንን በ13 ክፍል ከፍለው መያዛቸው ነው። እያንዳንዱ ክፍል ባንድ ይባላል። የእኛ ዓይን ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ያያል፣ አበቃ። ሳተላይቱ ከቀይ አልፎ ኢንፍራሬድ ውስጥ ይገባል፣ ድንጋዮች ማንነታቸውን የሚያወጡት ደግሞ እዚያ ነው።

ከ13ቱ ውስጥ ለጊዜው አምስቱን ብቻ አስታውሱ። ባንድ 2 ሰማያዊ ነው፣ ባንድ 4 ቀይ፣ ባንድ 8 ለዓይን የማይታየው የቅርብ ኢንፍራሬድ፣ ባንድ 11 እና ባንድ 12 ደግሞ ራቅ ያሉት ኢንፍራሬዶች፣ አንዱ 1.6 ማይክሮ ሜትር አካባቢ፣ ሌላው 2.2 አካባቢ። ሸክላ 2.2 አካባቢ ያለውን ብርሃን ይውጠዋል። 1.6ን ግን መልሶ ያንጸባርቀዋል። የብረት ዝገት ደግሞ ሰማያዊውን ውጦ ቀዩን ይመልሳል፤ ዝገት ቀይ የሆነው ለዚሁ ነው። ብርሃኑ የተመለሰበትን ባንድ ለተዋጠበት ባንድ ስናካፍል ቁጥሩ ትልቅ ይሆናል፣ ቦታውም ይበራል። ጠቅላላ ሚስጥሩ ይኼው ነው።

እግረ መንገዴን አንዲት ወሬ ላውራ። ድሮ በአሜሪካኖቹ የላንድሳት ሳተላይቶች ላይ ባንድ 6 የሙቀት ባንድ (የመሬቱን ሙቀት የሚለካው) ሆኖ ባንድ 7 ተመልሶ 2.2 አካባቢ መሆኑ ግራ ያጋባኝ ነበር። ቁጥሩ ለምን ተዘበራረቀ? ለካ ንድፉ ካለቀ በኋላ የጂኦሎጂ ሰዎች "እኛን ረስታችሁናል" ብለው ጮኸው ነው መጨረሻ ላይ የተጨመረላቸው። በ1982 በላንድሳት 4 ወጣ። ሸክላን ከሌላው የምንለየው በእነሱ ጩኸት ነው።

አሁን ወደ ኔቫዳ። በመፈለጊያው ላይ "ጎልድፊልድ ኔቫዳ" ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ። ጎልድፊልድ በ1902 ወርቅ ተገኝቶባት በአንድ ጊዜ የፈላች፣ ከዚያ ቀዝቅዛ የቀረች የአሜሪካ በረሃ ከተማ ናት። ላንድሳት 1 በ1972 ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ የአሜሪካ ጂኦሎጂስቶች ባንድን ለባንድ እያካፈሉ በትኩስ ውሃ የተለወጠ ድንጋይ ከሰማይ መለየት እንደሚቻል ያሳዩት በዚሁ በደቡብ ኔቫዳ አካባቢ ነው። ከከተማዋ ተነስታችሁ ዋናውን አስፋልት ይዛችሁ በስተደቡብ ወደ 20 ኪሎ ሜትር ስትሄዱ ኩፕራይት የሚባል ቦታ ትደርሳላችሁ። መንገዱ በሁለት ነጣ ያሉ ኮረብታማ ቦታዎች መካከል ያልፋል፣ አንዱ በምዕራብ፣ አንዱ በምሥራቅ። አዲስ የማዕድን ካሜራ የሠራ ሁሉ በአውሮፕላንም ይሁን በሳተላይት እዚህ መጥቶ ነው የሚፈትነው። ዛፍ የለም፣ እርሻ የለም፣ ዝናብ ብርቅ ነው፣ የትኛው ማዕድን የት እንዳለ በእግር ተረግጦ ተጠንቷል። የመምህሩ መልስ መስጫ ወረቀት በሉት።

የሰኔ ወይም የሐምሌ ምስል ምረጡ። ፀሐይ ከፍ ስለምትል ጥላው አጭር ነው። መጀመሪያ ዝም ብላችሁ በተፈጥሮ ቀለሙ እዩት። ነጭ፣ ክሬም፣ እዚህም እዚያም ቡናማ። አያስደንቅም። አሁን ከማሳያ ምርጫዎቹ መጨረሻ ላይ የራሳችሁን የምትሠሩበትን ክፍል ክፈቱና ኢንዴክስ የሚለውን ምረጡ። A እና B የሚባሉ ሁለት ባዶ ቦታዎች አሉ፣ ባንዶቹን በማውስ ጎትታችሁ ትከቷቸዋላችሁ። ቀመሩን ወደ ቀላሉ ማካፈል ቀይሩት። ላይ ባንድ 11፣ ታች ባንድ 12። ምናልባት ስክሪኑ በሙሉ አንድ ዓይነት ቀለም ይሆንባችኋል፤ አትደንግጡ፣ ልኬቱ ስላልተስተካከለ ነው። ዝቅተኛውን 1፣ ከፍተኛውን 2 አካባቢ አድርጉና ቀስ እያላችሁ አጥብቡት።

ይሄን ጊዜ ኩፕራይት ይበራል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ኮረብታዎች ካካባቢያቸው ተለይተው ቦግ ይላሉ። አሉናይትና ካኦሊን የሚባሉት ማዕድኖች ናቸው፣ ሁለተኛውን ነጭ ሸክላ ብላችሁ ታውቁት ይሆናል። በደንብ ስታዩ ደግሞ ቦግ ካለው መሃል ደብዘዝ ያሉ ቦታዎች አሉ። ብዙ ሰው "እዚህ ጋ ምንም የለም" ብሎ ያልፋቸዋል። ተቃራኒው ነው። ውሃው በጣም የበረታባቸው፣ ሌላው ሁሉ ታጥቦ ሲሊካ (አሸዋ በአብዛኛው የተሠራበት ነገር) ብቻ የቀረባቸው ቦታዎች ናቸው። ንጹሕ ሲሊካ በባንድ 12 ላይ ምልክት የለውም፣ እሱን የሚያሳየው የሙቀት ባንድ ነው። ጨለማ ማለት ባዶ ማለት እንዳልሆነ እዚህ ጋ ካልተማራችሁ ሌላ ቦታ አትማሩትም።

አንድ ጥያቄ ይነሳ ይሆናል፣ ባንድ 12ን ብቻውን ማየት ሲቻል ማካፈል ለምን አስፈለገ? በተራራ ጥላ ምክንያት። ከተራራው አንዱ ጎን ፀሐይ ላይ ነው፣ ሌላው ጥላ ውስጥ። ጥላው ሁሉንም ባንድ በተቀራራቢ መጠን ይቀንሳል። እንጀራው ትልቅም ይሁን ትንሽ እኩል ከተቆረሰ ድርሻው ያው ግማሽ አይደል? ባንድ ለባንድ ሲካፈልም እንደዚያው ጥላው በአብዛኛው ይጣፋና የድንጋዩ ጠባይ ይቀራል። በጣም ጥቁር ጥላ ውስጥ ግን አይሠራም፣ የሚካፈል ነገር ስለሌለ ቁጥሩ ይዘባርቃል።

ከዚያ ባንድ 4ን ለባንድ 2 አካፍሉ። ይሄ የዝገቱ ነው። የሚበራው ቦታ ከሸክላው ጋር የት ላይ ይደራረባል፣ የት ላይ ይለያያል? ሁለቱንም አስቀምጣችሁ አወዳድሩ፣ ድረ ገጹ ሁለት ምስል ጎን ለጎን የሚያወዳድርበት ቁልፍ አለው። ከዚያ ወደ ላይ ተመልሳችሁ ጎልድፊልድን ራሷን በዚሁ ዓይን እዩ። ከከተማዋ አጠገብም ሸክላና ዝገት አለ። ጎልድፊልድ በወርቋ ስም ያተረፈች ናት፤ ከኩፕራይት ግን ይህ ነው የሚባል ሀብት አልወጣም። ሁለቱም ጋ አመድ አለ። ወጡ አንደኛው ጋ ነው የነበረው። በቴሌግራም ስክሪንሾት ለሚልክልኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ማሳየት የምፈልገው ይህንን ነው።

ጊዜ ካላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት ቺሊ ጎራ በሉ። አታካማ በረሃ ውስጥ ቹኪካማታ የሚባል የመዳብ ማዕድን አለ፣ ጉድጓዱ ከ4 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። እዚያ የምትማሩት ሰው የቆፈረው ነገር ከሰማይ ምን እንደሚመስል ነው፤ እንደ ደረጃ የተቆረጠው ግድግዳ፣ ጠርዙ ቀጥ ያለ የተረፈ ድንጋይ ክምር፣ በአራት ማዕዘን የተገደበ የውሃ ኩሬ። ተፈጥሮ ቀጥ ያለ መስመር እምብዛም አትወድም።

አሁን ወደ አገር ቤት። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ነው።

እኔ የመጀመሪያ ቀን ሳልማር ነው የገባሁት። ደቡብ ጎንደርን ከፈትኩ፣ ደብረ ታቦር አካባቢ፣ 11ን ለ12 አካፈልኩ። ወገኖቼ፣ ያየሁትን ብታዩ! ክብ ክብ፣ ደማቅ፣ ጥርት ያለ ዳር ያላቸው ነጠብጣቦች፣ በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ አንድ። ልቤ ዘለለ። ከሥር የተነሳ ትኩስ ውሃ ያበሰላቸው ክብ ቦታዎች መሰሉኝ፣ ለሁለት ጓደኞቼ ደወልኩ፣ እንዲያውም የማዕድን ማኅበር ስለማቋቋም አውርተናል። ማታ ላይ በተፈጥሮ ቀለሙ አስጠግቼ ሳየው ከየክቡ መሃል አንድ ክብ የቆርቆሮ ጣሪያ ብልጭ ይላል። የቤተ ክርስቲያን ደን ነበሩ። ሁሉም። አያቶቻችን ተንከባክበው ያቆዩትን ጽድና ወይራ እኔ የማዕድን ቦታ አድርጌ ቆጠርኩት። ጓደኞቼ እስከ ዛሬ "ማኅበሩስ?" ይሉኛል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ያኔ ግን አላወቅኩም። አረንጓዴ ቅጠል ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃ ደግሞ ባንድ 12ን ከባንድ 11 አብልጦ ይውጣል። ስለዚህ ደን ከሸክላም በላይ ይበራል። መድኃኒቱ ሁልጊዜ አስቀድሞ የዕፅዋት ኢንዴክሱን ማየት ነው። ኤንዲቪአይ ይባላል፣ ቦታው ምን ያህል አረንጓዴ እንደሆነ በቁጥር የሚናገር ነው፣ እዚያው በዝርዝሩ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል። ከ0.3 በላይ ያሳየ ቦታ ላይ ስለ ድንጋይ አታውሩ። ሥሩ ያለውን አላያችሁትም።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። የደረቀ ሣርና የእህል ገለባም እንደዚያው ያታልላል፣ እነሱን ደግሞ ኤንዲቪአይ አይዛቸውም፣ አረንጓዴ አይደሉማ። የጥር ወር ምስል ላይ አጨዳው ያለቀበት ማሳ ሸክላ መስሎ ሊበራ ይችላል። እኔ የማደርገው ይሄ ነው፣ ያንኑ ቦታ በኅዳር፣ በጥርና በመጋቢት አየዋለሁ፣ ከተቻለ የሦስት የተለያየ ዓመት። ገለባ ይበላል፣ ሣር ይቃጠላል፣ ማሳ ይታረሳል። ድንጋይ ባለበት ነው። በሦስቱም ላይ በዚያው ቅርጽ የቆመውን ብቻ ያዙት። ምዕራብ ላይ፣ ቤኒሻንጉል አካባቢ ከሆናችሁ ደግሞ በበጋው መጀመሪያ ሣሩ ስለሚቃጠል ጥቁር ጠባሳ ታያላችሁ፤ እሱም ማዕድን አይደለም።

ቀይ አፈርስ? የብዙ ሰው ስክሪንሾት ያለቀው እዚህ ነው። ከፍተኛው መሬታችን በአብዛኛው የተሸፈነው የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፈሰሰ፣ ባዛልት በሚባል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ባዛልት ብረት አለው። ለዘመናት ዝናብ ሲመታው ብረቱ ይዝግና ቀይ አፈር ይሆናል። ጎጃምና ወለጋ ላይ ባንድ 4ን ለባንድ 2 ብታካፍሉ የታረሰው ሁሉ እሳት ይመስላል። እሱ አፈር ነው፣ ጤፍና በቆሎ ያበቅላል፣ ደስ ይበላችሁ። ፍንጭ የሚሆነው ዝገቱ በትንሽ ቦታ ተወስኖ፣ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ፣ ወይም በመስመር የስንጥቅ አቅጣጫ ይዞ ሲገኝ ነው። ቀዩ ወረዳውን ሁሉ ከሸፈነ ተዉት።

የወርቅ ታሪክ ያላቸው ቦታዎቻችን ከባዛልቱ ሥር ብቅ ያሉት በጣም ያረጁ አለቶች ናቸው። ትግራይ ውስጥ፣ ምዕራብ ላይ አሶሳ አካባቢ፣ ደቡብ ላይ ጉጂ። ሻኪሶ አጠገብ ያለውን የለገ ደንቢን የወርቅ ጉድጓድ ከሰማይ ታዩታላችሁ፣ ዙሪያው ግን አረንጓዴ ስለሆነ በማካፈል ብዙ አታገኙም። እነዚሁ አለቶች ወደ ሰሜን በኤርትራ በኩል አልፈው የሱዳንና የግብፅ የቀይ ባሕር ተራሮች ላይ ሲደርሱ እርቃናቸውን ናቸው። ለዚህ ነው የአገራችንን አለት ለመማር ግብፅ ምሥራቃዊ በረሃ ሄዳችሁ እዩ የምለው። ቤተሰብ ናቸው፣ እነሱ ሽፋን የላቸውም እንጂ። ከአገር ሳይወጡ ያለ ዛፍ መለማመድ የፈለገ ዳሎልን ይክፈት። ተራራ አይደለም፣ እንዲያውም ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው፣ ግን ጨውና ዝገት በአንድ ቦታ ተለይተው ለማየት የሚያህለው የለም።

አንድ የዓይን ወጥመድ ላስጠንቅቃችሁ። ሴንቲነል-2 በእኛ ላይ የሚያልፈው ከጠዋቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይዋ በደቡብ ምሥራቅ በኩል ስለሆነች ጥላው ወደ ሰሜን ምዕራብ ይወድቃል፣ በምስሉ ላይ ብርሃኑ ከታች የመጣ ይመስላል። ዓይናችን ደግሞ ብርሃን ከላይ ነው የለመደው። ስለዚህ ገደሉ ተራራ፣ ተራራው ገደል ሆኖ ይታያችኋል። ስሜን ተራሮች ላይ ወንዝ በጫፍ ላይ ሲፈስ አይቼ ራሴን ጠርጥሬያለሁ። መፍትሔው ወይ የድረ ገጹን ባለ ሦስት ገጽታ እይታ መጠቀም፣ ወይም ስቀው አይለፉብኝ እንጂ ላፕቶፑን ገልብጦ ማየት ነው። ይሠራል።

ስለ ዳታ ደግሞ፣ አንድ የሴንቲነል-2 ሙሉ ምስል ወደ 1 ጊጋባይት ይጠጋል። እሱን ለማውረድ ካርድ አታቃጥሉ። የምትፈልጉትን ቦታ በአራት ማዕዘን ከብባችሁ የምትፈልጓቸውን አምስት ባንዶች ብቻ በጂኦቲፍ (ቦታው የት እንደሆነ አብሮ የሚይዝ የምስል ፋይል) አውርዱ፣ ከዚያ ኪውጂአይኤስ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ከመስመር ውጪ ስሩበት። ማካፈሉን የምትሠሩበት የራስተር ማስያ እዚያው አለ። ባንድ 11 እና 12 ግን 20 ሜትር ናቸው እንጂ 10 አይደሉም፣ ስለዚህ አንድ ነጥብ ብቻውን ቢበራ አትመኑት። ተያይዘው የበሩ ብዙ ነጥቦችን ፈልጉ።

ሴንቲነል-2 "ሸክላ" ይላችኋል፣ የትኛው ሸክላ እንደሆነ ግን መናገር አይችልም፤ በ2.2 አካባቢ ያለው አንድ ባንድ ብቻ ነው። ያንን የፈለገ አስተርን ይሞክር። በ1999 የወጣው የጃፓን መሣሪያ ነው፣ በናሳው ቴራ ሳተላይት ላይ የተጫነ። ከ1.6 እስከ 2.4 ማይክሮ ሜትር ባለው የብርሃን ክፍል ብቻ ስድስት ባንድ ነበረው፣ ተጨማሪ አምስት የሙቀት ባንድ አለው፣ ኩፕራይት ላይ የጠፋብንን ሲሊካ የሚያወጣውም እሱ ነው። ስድስቱ ባንዶች ግን በ2008 ተበላሹ፣ ስለዚህ ምስል ስትመርጡ ከዚያ በፊት የተነሳ ይሁን። ድንጋዩ አልተቀየረም፣ የ2004 ምስል ዛሬም ይሠራል። ከሱ በላይ የሄደው ኢሚት ነው። በ2022 ወደ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ተልኮ ከዚያ ሆኖ 285 ባንድ ያነሳል። የተላከው ለአቧራ ጥናት ነው፣ የሚበንነው አፈር የምን ማዕድን እንደሆነ ለማወቅ፤ ውጤቱ ግን ለእኛም አሪፍ ነው። ዳታው በነፃ ይገኛል፣ ለጀማሪ ግን ከባድ ነው፣ ኔቫዳን ሳትጨርሱ አትግቡበት።

ማየት ፈቃድ አይጠይቅም። መቆፈር ግን ይጠይቃል። የማዕድን ፍለጋ ፈቃድ ሳይዙ ሰው መሬት ላይ መዶሻ ይዞ መዞር ከገበሬውም ከመንግሥትም ያጣላል።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ ስክሪንሾት ስትልኩልኝ እንዲህ አድርጉ። የቦታውን ኮኦርዲኔት፣ ምስሉ የተነሳበትን ቀን፣ ኤንዲቪአዩን፣ የሁለቱን ማካፈል ውጤት በሦስት ቀን የተነሳ፣ ከተቻለም እዚያ የሚያልፍ እረኛ ወይም ዘመድ በስልኩ ያነሳውን የአንድ ድንጋይ ፎቶ። ድንጋዩ ይሰበርና ውስጡ ይታይ፤ ላዩማ ሳተላይቱም አይቶታል። ባለፈው ወር አንዱ ልጅ ይህንን ሁሉ አሟልቶ ላከልኝ። ቀዩ ቦታ አዲስ የተቆረጠ የመንገድ ዳር አፈር ነበር። መልሱን ሳልጽፍለት ራሱ ደርሶበት ቀድሞኝ ነገረኝ።